የሐዲድ ወርድ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ መሀል ሜትር ብትዘረጉ፣ ከአንዱ ብረት ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው ውስጠኛ ጠርዝ አንድ ሜትር ታገኛላችሁ። አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ብትለኩ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የሐዲድ ወርድ የሚባለው ይኸው ነው፤ ባለሙያዎቹ «ጌጅ» ይሉታል። ከውስጥ ለውስጥ የሚለካበት ምክንያት አለው። የባቡር ጎማ በውስጥ በኩል እንደ ከንፈር ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ ባቡሩ ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው እሱ ነው።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም በዚያች ምክንያት ከአሮጌዎቹ ፉርጎዎች አንዱም በአዲሱ ሐዲድ ላይ መንከባለል አይችልም።

ድሮ ለምን ጠባቡ ተመረጠ? ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል፤ ተራራውን መቁረጥ ሲያቅት ዙሮ ያልፈዋል፤ ቁፋሮውም ድልድዩም ይቀንሳል። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ለሚወጣ መስመር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ሥራው ዓመታት ፈጅቷል፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የጠባብ ሐዲድ ዕዳው በኋላ ይመጣል፤ ጭነቱም ፍጥነቱም ይወሰናል።

ጎረቤቶቻችን ደግሞ በየራሳቸው ልክ ዘርግተዋል። ጣሊያኖች ከምፅዋ ወደ አስመራ ያወጡት ሐዲድ 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንግሊዞች በሱዳን የዘረጉት 1,067። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ ከዘረጉት አንድ ሜትር ጋር የአስመራው ልዩነት ሦስት ጣት ቢሆን ነው! አንድ ቀን ሁለቱ መስመሮች ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ፣ መገናኛው ጣቢያ ላይ ወዛደር ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ጆንያ ሲሸከም ይውል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ፖስታ ከዚህ መከራ መትረፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንዷ ከተማ በበርን የተሰበሰቡ አገሮች የአንዱን ቴምብር ሌላው እንዲያከብር ተስማሙ፤ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. ይህን የዓለም የፖስታ ማኅበር ተቀላቀለች። ደብዳቤው በአንድ ቴምብር ድንበር ሲሻገር፣ ደብዳቤውን የሚሸከመው ፉርጎ ግን ድንበር ላይ ቀረ።

መዘዙ አፍሪካ ላይ ብቻ የወደቀ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ግሎስተር ከተማ ላይ ከ1,435 የሚሰፋው ሐዲድና 1,435 የሆነው (እዚያ ጠባቡ) ተገናኝተው ዕቃ ሁሉ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1846 ለአዲስ የመንገደኛ መስመሮች 1,435ን (በእነሱ አቆጣጠር አራት ጫማ ከስምንት ኢንች ተኩል) በሕግ ደነገገ፤ ሰፊው ሐዲድ ጨርሶ የጠፋው ግን በ1892 ነው። አሜሪካኖቹ ይልቅ ቆርጠው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1886፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መባቻ በሁለት ቀን ብቻ፣ በደቡብ ግዛቶች ከ18,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መስመር ላይ አንደኛውን ብረት ሦስት ኢንች ወደ ውስጥ አስጠግተው ቸነከሩት። ዛሬም ከፖላንድ ወደ ቤላሩስ የሚሻገር ባቡር 1,520 የሆነውን የሩሲያ ወርድ ያገኛል፤ በድንበር ከተማዋ ብሬስት የመንገደኛ ሠረገላ በክሪክ ተነስቶ ከሥሩ ጎማው ከነተሸካሚው ይቀየር ነበር።

1,435 አሁን የብዙው ዓለም ልክ ነው፤ ስሙም «ስታንዳርድ ጌጅ»። አዲሱ የጅቡቲ መስመራችን መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኬንያ የሞምባሳ–ናይሮቢን መስመር በዚሁ ወርድ ከፈተች። ሁለቱ አንድ ቀን ቢገናኙ ፉርጎው ሳይራገፍ ያልፋል። የእኛው ሎኮሞቲቭ ግን ወደ እነሱ አያልፍም፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር የሚሄድ ነው፣ የእነሱ በናፍጣ።