ቁጥር ወይስ ዓይን? የቤዝቦል ተጫዋች ዋጋ እንዴት ይለካል

በ2002 ኒውዮርክ ያንኪስና ኦክላንድ አትሌቲክስ የሚባሉት የአሜሪካ የቤዝቦል ክለቦች እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያንኪስ ለተጫዋቾቹ 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ኦክላንድ 40 ሚሊዮን ገደማ። ያውም ትልቁ ኮከቡ ጄሰን ጂያምቢ ውድድሩ ሳይጀምር ጥሎት ወደዚያው ወደ ያንኪስ ሄዷል። ተጫዋች በቁጥር ይለካ ወይስ በዓይን የሚለው ሙግት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ከቤዝቦል ሰፈር ውጭ የተሰማው ግን ያኔ ነው።

ከዓይኑ እንጀምር። መልማዩ፣ አሜሪካኖቹ ስካውት የሚሉት፣ ከከተማ ከተማ እየነዳ የትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ቁጭ ብሎ ልጆች ሲጫወቱ የሚያይ ሰው ነው። በእጁ የሩጫ ሰዓትና የኳስ ፍጥነት መለኪያ ይይዛል። የሚያየው አምስት ነገር ነው፦ ኳሷን የማግኘት ችሎታ፣ የምት ጉልበት፣ ሩጫ፣ የክንድ ጥንካሬና የመከላከል ብቃት። ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣል፤ 50 ማለት በትልቁ ሊግ፣ በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ መካከለኛ ተጫዋች ማለት ነው። ሥራው ከባድ ነው። ዛሬ የ17 ዓመት ልጅ አይተህ ነገ የሚሆነውን የ25 ዓመት ሰው መገመት አለብህ።

ችግሩ ዓይን ቁመና ይወዳል። ትከሻው የሰፋ፣ ዓይን የሚሞላ ልጅ ሲያይ መልማዩ ልቡ ይሸፍታል። ከዚህ በላይ ምሳሌ የለም፦ ያኔ የኦክላንድ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ቢሊ ቢን ራሱ እንዲህ ተመርጦ ነበር። በ1980 ሜትስ የሚባለው የኒውዮርክ ክለብ በመጀመሪያው ዙር ምልመላ 23ኛ አድርጎ ወሰደው፤ መልማዮቹ አምስቱም ችሎታ አለው ብለው ነበር። በትልቁ ሊግ የተጫወተው ግን 148 ጨዋታ ብቻ ነው፣ የመምታት አማካዩም .219፣ ማለትም ከ1000 ሙከራ 219 ጊዜ ብቻ። በ1990 መጫወቱን ትቶ ራሱ መልማይ ሆነ። እንዲህ ያለፈ ሰው ዓይንን ቢጠራጠር አይገርመኝም።

የቁጥሩ ወገን ትልቁ ስም ቢል ጄምስ ነው። ካንሳስ ውስጥ በአንድ የታሸገ ባቄላ ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ እየሠራ፣ በ1977 የቤዝቦል ትንታኔዎቹን በራሱ አሳትሞ መሸጥ ጀመረ። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ሳበርሜትሪክስ የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ከሱ 30 ዓመት በፊት ብሩክሊን ዶጀርስ አለን ሮዝ የሚባል የስታቲስቲክስ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር፤ አብዛኞቹ ክለቦች ግን ለዚህ ጥናት ለአሥርት ዓመታት ፊት አልሰጡም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ምክንያቱም ይህ ካልገባ ክርክሩ አይገባም። በቤዝቦል ጨዋታው የሚያልቅበት ሰዓት የለም። ቡድን የሚጫወተው በሰዓት ሳይሆን በአውት ነው፤ አውት ማለት መቺው ወይም ሯጩ ተሸንፎ ከሜዳ መውጣቱ ነው፦ በአንድ ሙሉ ጨዋታ 27 አውት አለው፣ ሲያልቅ አበቃ። ስለዚህ የመቺ ትልቁ ሥራ አውት አለመሆን ነው። ለመቶ ዓመት ግን ሰው የሚያየው የመምታት አማካይን ብቻ ነበር። መቺው ታግሶ አራት ውጪ ኳስ (ከሚመታበት ክልል ውጭ የተወረወረ) ካለፈለት ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሯጭ ወደሚረግጠው የመጀመሪያ ማረፊያ፣ ይሄዳል፤ ዎክ ይባላል። አማካዩ ይህን አይቆጥርም!

እስቲ እናስላው። ሁለት መቺዎች እያንዳንዳቸው 600 ጊዜ ገቡ እንበል። የመጀመሪያው አማካዩ .300 ነው፣ ዎክ ያገኘው ግን 30 ጊዜ ብቻ። ሁለተኛው .260 ነው፣ ግን 100 ዎክ አለው። ዎክ ከሙከራ ስለማይቆጠር አማካዩ የሚሰላው ለአንደኛው ከ570፣ ለሁለተኛው ከ500 ሙከራ ነው። አንደኛው 171 ጊዜ በምት፣ 30 ጊዜ በዎክ፣ በድምሩ 201 ጊዜ ቤዝ ይደርሳል። ሁለተኛው 130 በምት፣ 100 በዎክ፣ በድምሩ 230። የ29 አውት ልዩነት ነው፤ ከአንድ ሙሉ ጨዋታ በላይ ማለት ነው። ገበያው ግን የመጀመሪያውን በውድ፣ ሁለተኛውን በርካሽ ይሸጥ ነበር።

ኦክላንድ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ስኮት ሃተበርግ ካቸር፣ ማለትም ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች፣ ነበር፤ ክርኑ ላይ ነርቩ ተጎድቶ እንደ ድሮው መወርወር አቃተው። ማንም ብዙ አልፈለገውም። ኦክላንድ ግን ትዕግሥቱን አይቶ ወሰደውና ተጫውቶበት የማያውቀውን የመጀመሪያውን ቤዝ አስተማረው። መስከረም 4 ቀን 2002 ኦክላንድ ካንሳስ ሲቲን 11 ለ0 ከመራ በኋላ 11 እኩል ሆነ። ሃተበርግ ተቀይሮ ገብቶ ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መታና 12 ለ11 አለቀ። ተከታታይ 20ኛው ድል ነበር።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች ግን አንድ ነገር ይዘላሉ። ያ ቡድን ቲም ሃድሰን፣ ማርክ ሙልደርና ባሪ ዚቶ የሚባሉ ሦስት ድንቅ ወርዋሪዎች ነበሩት፤ ዚቶ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሆነው ሚጌል ቴሃዳም የኦክላንድ ነበር፤ እሱን በልጅነቱ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ያገኙት መልማዮች ናቸው። ቁጥር ብቻውን 103 ጨዋታ አላሸነፈም።

ሐሳቡ ግን ተዛመተ። ቦስተን ሬድ ሶክስ በ2002 ቢል ጄምስን ቀጠረ፣ በ2004 ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ። ሊቨርፑልን ለምትደግፉ፦ የሬድ ሶክስ ዋና ባለቤት ጆን ሄንሪ በ2010 ሊቨርፑልን የገዛው ሰውዬ ነው። ክለቡ ተጫዋች ሲገዛ ዳታ ማየቱ ከዚህ ቤት የመጣ ልማድ ነው። ሁሉም ዎክ መፈለግ ሲጀምር ደግሞ ዎክ ተወደደ፣ ርካሹ ዕቃ ከገበያ ጠፋ።

ከ2015 ጀምሮ በትልቁ ሊግ ስታዲየሞች ሁሉ ስታትካስት የሚባል መሣሪያ አለ። ኳሷ ከዱላው ስትወጣ ያላትን ፍጥነትና ማዕዘን፣ የሯጩን ፍጥነት ይለካል። ድሮ መልማዩ በዓይኑ ይገምት የነበረው ነገር ቁጥር ሆነ ማለት ነው። እኔ ለዚህ ነው ሁለቱን እንደ ጠላት ማየት የማይዋጥልኝ።

ማይክ ትራውትን ተመልከቱ። ያደገው ሚልቪል፣ ኒው ጀርሲ ነው። ብርዱ የውድድር ጊዜውን ያሳጥረዋል፣ ተጋጣሚውም ከካሊፎርኒያ ወይም ከፍሎሪዳ ልጆች ጋር አይወዳደርም፤ ቁጥሩን ማመን ይከብድ ነበር። ግሬግ ሞርሃርት የሚባል የኤንጀልስ ክለብ መልማይ ግን አባቱን ያውቃል፣ አብረው ተጫውተዋል። ልጁን አይቶ አጥብቆ ተከራከረለት። በ2009 ከ24 ተጫዋቾች በኋላ 25ኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2012 የቁጥር ሰዎች የዓመቱ ምርጥ እሱ ነው ብለው ሲጮሁ (ሽልማቱን ሚጌል ካብሬራ ወሰደው) ይሟገቱ የነበሩት መልማይ በዓይኑ ላገኘው ልጅ ነው።

ቁጥርም ይስታል፣ ምክንያቱም የሚናገረው ስላለፈው ነው። በቁጥር የሚታወቀው ሂውስተን አስትሮስ በመጋቢት 2014 ጄ ዲ ማርቲኔዝን አሰናበተ። ማርቲኔዝ አመታቱን ከሥር መሠረቱ ቀይሮ መጥቶ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የድሮው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ለዲትሮይት .315 መታ።

በዚሁ ክለብ የሆዜ አልቱቬ ታሪክም አለ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ68 ነው። ቬንዝዌላ ውስጥ ለሙከራ ሲመጣ የሂውስተን ሰዎች አጭር ነህ ብለው መለሱት። አባቱ አበረታታው፣ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። አል ፔድሪኬ የሚባል የክለቡ ሰው በደንብ አየውና ተሟገተለት፤ በ2007 በ15 ሺህ ዶላር ፈረመ። በ2017 ሂውስተን ዋንጫ ሲያነሳ ሁለተኛው ቤዝ ላይ የቆመው እሱ ነበር፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ።