ፒተር ቼክ፦ ሃያ ዓመት በግብ ክልል ውስጥ

ፒተር ቼክ ከ1999 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በፕሮፌሽናል ደረጃ የተጫወተ፣ የእግር ኳስ ዘመኑንም በአብዛኛው በእንግሊዞቹ ቼልሲና አርሰናል ያሳለፈ የቼክ ሪፐብሊክ ግብ ጠባቂ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ካደረጋቸው 443 ጨዋታዎች በ202ቱ መረቡን ሳያስደፍር ወጥቷል፤ በሊጉ ታሪክ ከዚህ ቁጥር የደረሰ ሌላ ግብ ጠባቂ የለም። ለብሔራዊ ቡድኑም 124 ጊዜ በመሰለፍ የአገሩን ክብረ ወሰን ይዟል። ይሁን እንጂ ቼክን ከዘመን አቻዎቹ የሚለየው የቁጥሮቹ ብዛት ሳይሆን፣ የራስ ቅሉ ከተሰበረ በኋላም ለአሥራ ሁለት ዓመታት ከላይኛው ደረጃ ሳይወርድ መጫወቱ ነው።

የተወለደው ሜይ 20 ቀን 1982 በፕልዘን ከተማ፣ ያኔ ቼኮስሎቫኪያ በምትባለው አገር ነው። በልጅነቱ በከተማው ክለብ የሚጫወተው በአጥቂነት ነበር፤ በአሥር ዓመቱ እግሩ ሲሰበር ግን ወደ በረኝነት ዞረ። በ1999 ኽሜል ብልሻኒ በሚባል ትንሽ ክለብ በአገሪቱ አንደኛ ሊግ መጫወት ጀመረ፤ በ2001 ደግሞ ስፓርታ ፕራግ ወሰደው። በዚያው ዓመት በሊጉ ለ903 ተከታታይ ደቂቃዎች ግብ ሳይቆጠርበት በመቆየቱ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2002 ቼክ ሪፐብሊክ ፈረንሳይን በመለያ ምት አሸንፋ የአውሮፓ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ዋንጫን ስታነሳም ግቡን የጠበቀው እሱ ነበር። በዚያው ክረምት ወደ ፈረንሳዩ ሬን ተዛወረ። ሬን በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ላለመውረድ የሚታገል ቡድን ስለነበር፣ ወጣቱ በረኛ በየሳምንቱ ብዙ ኳስ እየተመታበት በሥራ የተጠመደበት ጊዜ ሆነ። የኋላ ዘመኑን በአብዛኛው አብሮት ያሳለፈውን የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ ክሪስቶፍ ሎሊሾንንም ያገኘው እዚያ ነው።

ወደ ቼልሲ የመጣው በ2004 ክረምት ነው። ዝውውሩን የጨረሰው ክላውዲዮ ራኒየሪ የሚመራው ቡድን ቢሆንም፣ ቼክ ለንደን ሲደርስ የተቀበለው አዲሱ አሠልጣኝ ጆዜ ሞሪንሆ ነበር። አንደኛ ግብ ጠባቂ የነበረው ጣሊያናዊው ካርሎ ኩዲቺኒ የደጋፊው ተወዳጅ ነበር፤ ሆኖም ከውድድሩ በፊት ክርኑን ስለተጎዳ ቦታው ለአዲሱ ልጅ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰለትም። በዚያ የውድድር ዘመን ቼልሲ በ38 ጨዋታዎች የተቆጠረበት 15 ግብ ብቻ ነው። ቼክ ለ1,025 ደቂቃዎች መረቡ ሳይደፈር ቆየ፤ ይህ የሊጉ ክብረ ወሰን እስከ 2009 ድረስ ጸንቶ፣ በኋላ በማንችስተር ዩናይትዱ ኤድዊን ቫን ደር ሳር ተሰበረ። ከፊቱ ተከላካዮቹ ጆን ቴሪና ሪካርዶ ካርቫልሆ፣ ከእነሱም ፊት አማካዩ ክሎድ ማኬሌሌ በቆሙበት ቡድን ውስጥ የምስጋናውን ድርሻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን በጨዋታ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ኳስ የሚመጣበት በረኛ ያችን አንዷን እንዳያሳልፍ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ነቅቶ መጠበቁ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቼክም የታወቀው በዚሁ ነበር።

ኦክቶበር 14 ቀን 2006 ቼልሲ ሬዲንግን በሬዲንግ ሜዳ ሲገጥም፣ ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሬዲንጉ ስቲቨን ሃንት ጉልበት መሬት ላይ ኳስ ለመያዝ የወደቀውን የቼክን ጭንቅላት መታ። የራስ ቅሉ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ተሰበረ፤ ኦክስፎርድ በሚገኝ ሆስፒታልም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በእሱ ቦታ የገባው ኩዲቺኒም በዚያው ጨዋታ ተጋጭቶ ራሱን በመሳቱ የግብ ጠባቂውን ማሊያ ለብሶ ጨዋታውን የጨረሰው ተከላካዩ ቴሪ ነበር። የቼክ ጉዳት ለሕይወቱ የሚያሰጋ ስለነበር ዳግመኛ መጫወቱ አጠራጣሪ መስሎ ነበር፤ እሱ ግን ከሦስት ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2007፣ ከሊቨርፑል ጋር በተደረገው ጨዋታ ተመለሰ። በጭንቅላቱ ላይ የራግቢ ተጫዋቾች የሚያደርጉትን ዓይነት መከላከያ ቆብ አጥልቆ ነበር፤ ይህንንም ቆብ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ አላወለቀም። ከጉዳቱ በኋላ በተሻገሩ ኳሶች ላይ ለመውጣት የመጀመሪያውን ድፍረት አጥቷል የሚሉ ነበሩ። በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ከቱርክ ጋር ሲጫወቱ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት የተሻገረ ኳስ ከእጁ አምልጦ ኒሃት አቻ ማድረጉ፣ ቀጥሎም ኒሃት ደግሞ አግብቶ ቱርክ 3 ለ 2 ማሸነፏ ለዚህ ሐሜት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ። አንድ ስህተት ግን ሙሉ ዘመንን አይገልጽም፤ የቀጣዮቹ ዓመታት ውጤቶችም ሐሜቱን አይደግፉም።

ከእነዚህ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ሜይ 19 ቀን 2012፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ በሙኒክ የተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የአንዲ ካሮልን የግንባር ኳስ ከግቡ መስመር ላይ አውጥቶ ቼልሲ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 እንዲያሸንፍ አድርጓል። በሙኒኩ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ በገዛ ሜዳው እየተጫወተ በ83ኛው ደቂቃ በቶማስ ሙለር ግብ ሲመራ፣ ዲዲየር ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ግን ይኸው ድሮግባ ፍራንክ ሪቤሪን ጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት አስሰጠ፤ መቺውም በቼልሲ አብሮት የተጫወተው አርየን ሮበን ነበር። ቼክ አዳነበት። በመለያ ምቱ ደግሞ የኢቪካ ኦሊችን መለሰ፤ የባስቲያን ሽቫይንሽታይገርን ምት በጣቱ ነክቶ ወደ ቋሚው አስመታው፤ ድሮግባም የመጨረሻዋን አግብቶ ቼልሲ 4 ለ 3 አሸነፈ። የሮበንን ጨምሮ በዚያ ምሽት ከተመቱበት ስድስት ምቶች በሁሉም ኳሱ ወደሄደበት አቅጣጫ ነበር የወደቀው። ይህ ዕድል አልነበረም፤ ከጨዋታው በፊት ባየርን ከ2007 ጀምሮ የመታቸውን ፍጹም ቅጣት ምቶች በቪዲዮ ተመልክቶ አጥንቷቸው ነበር። በ2008 የሞስኮ ፍጻሜ የክርስቲያኖ ሮናልዶን ምት አድኖም ቼልሲ በመለያ ምት መሸነፉን የሚያስታውስ ሰው የሙኒኩን ድል ክብደት ይበልጥ ይረዳዋል።

በብሔራዊ ቡድን በኩል ያገኘው ያን ያህል አይደለም። ፓቬል ኔድቬድና ሚላን ባሮሽ የነበሩበት ቡድን በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ በግማሽ ፍጻሜው በግሪክ ወደቀ። በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ደግሞ ጋና 2 ለ 0 አሸነፈቻቸው፤ ሽንፈቱ ከዚያ በላይ ያልሰፋው በቼክ ብርታት ነበር። ከብሔራዊ ቡድኑ የተሰናበተው ከ2016 የአውሮፓ ዋንጫ በኋላ ነው።

በ2014 ቤልጅየማዊው ቲቦ ኩርቱዋ ከአትሌቲኮ ማድሪድ ተመልሶ ቦታውን ሲይዝ፣ ቼክ አንድ ዓመት በተጠባባቂ ወንበር ቆየና አራተኛውን የሊግ ዋንጫ ከቼልሲ ጋር አንስቶ በ2015 ወደ አርሰናል ተሻገረ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በቦርንማውዝ ጨዋታ ለ170ኛ ጊዜ ግብ ሳይቆጠርበት በመውጣት የዴቪድ ጄምስን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያ የውድድር ዘመንም በሊጉ ብዙ ጊዜ ግብ ሳይቆጠርበት ለወጣ በረኛ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት አገኘ። ሁለት መቶኛውን ያገኘው በማርች 2018 ከዋትፎርድ ጋር ሲሆን፣ በዚሁ ጨዋታ የትሮይ ዲኒን ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። አዲሱ አሠልጣኝ ኡናይ ኤምሪ መጥቶ ኳስ ከግብ ጠባቂው እግር እንዲጀመር ሲጠይቅ ግን ዘመኑ እየተለወጠ መሆኑ ግልጽ ሆነ፤ ቼክ በእጁ የበላይ እንጂ በእግሩ የሚተማመን በረኛ አልነበረም። ጉዳት ሲያገኘውም በርንት ሌኖ ገባና ቦታውን ያዘ።

በጃንዋሪ 2019 በውድድሩ ማብቂያ ጓንቱን እንደሚሰቅል አስታወቀ። የመጨረሻው ጨዋታ በባኩ የተደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ሲሆን፣ ተጋጣሚው ቼልሲ አርሰናልን 4 ለ 1 አሸነፈ። ከወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ ወደዚያው ቼልሲ የቴክኒክ አማካሪ ሆኖ ተመለሰ። በ2020 ክለቡ ግብ ጠባቂውን ኤድዋርድ ሜንዲን ከሬን፣ ከቼክ የቀድሞ ክለብ ሲያስፈርም በምልመላው ውስጥ እጁ ነበረበት፤ ሜንዲም በ2021 የሻምፒዮንስ ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ቼክ በ2022 የክለቡ ባለቤትነት ሲቀየር ከኃላፊነቱ ወረደ። በዚህ መሃል ከልጅነቱ ይወደው ወደነበረው የበረዶ ሆኪ ገብቶ በ2019 ለእንግሊዙ ክለብ ጊልፎርድ ፊኒክስ በግብ ጠባቂነት ተሰልፏል፤ በመጀመሪያው ጨዋታውም ሁለት የመለያ ምቶችን አድኗል።