ካንሰርን በብርሃን በሚግል ወርቅ ማቃጠል

ፎቶተርማል ሕክምና ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚግሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ወደ ዕጢ አስገብቶ በሌዘር በማሞቅ የካንሰር ሕዋሳትን የመግደል ዘዴ ነው። እስካሁን በምርምርና በሙከራ ላይ ይገኛል። ቅንጣቶቹ የሚለኩት በናኖሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1 ሚሊዮን ናኖሜትር ይሆናል።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የነገሩ መነሻ እንግዳ አይደለም። ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሰዓት ቧንቧው ሲከፈት ለብ ያለ ውኃ ያወርዳል፤ ጥቁር ቀለም ብርሃንን ውጦ ሙቀት ያደርገዋልና። በሕክምናው ግን ቀለሙ በልክ ይሠራል።

ከሁሉ በላይ የተጠናው ወርቅ ነው። ወርቅ ሲደቅ ቢጫነቱን ይተዋል። በቤተ ሙከራ የወርቅ ጨው የሟሟበት ፈዛዛ ቢጫ ውኃ ፈልቶ ሲትሬት (የሎሚ አሲድ ጨው) ሲጨመርበት መጀመሪያ ቀለሙ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከደቂቃዎች በኋላ የቀይ ሥር ውኃ ይመስላል። ማይክል ፋራዳይ ይህን ቅላት ያጠናው በ1857 እ.ኤ.አ. ነበር። ምክንያቱ በቅንጣቱ ገጽ ያሉ ኤሌክትሮኖች ከአረንጓዴ ብርሃን ጋር አብረው እየተወዛወዙ ብርሃኑን መዋጣቸው ነው፤ ለዓይን የሚተርፈው ቀዩ ነው።

አረንጓዴ ብርሃን ግን ሥጋን አያልፍም። መብራት በጠፋ ምሽት የስልክ ባትሪ በጣት ሲሸፈን ጣቱን አልፎ የሚታየው ቀዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርቁ በደቃቅ የሲሊካ (የመስታወት ዋና ቁስ) እንክብል ላይ እንደ ቅርፊት ይለበጣል፣ ወይም በዘንግ ቅርጽ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይውጣል። ቅርፊቱን ለካንሰር የሞከሩት በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ናኦሚ ሃላስና ጄኒፈር ዌስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲሆኑ፣ በዘንጉ የሚታወቀው ግብፅ የተወለደው ሙስጠፋ ኤል ሰይድ ነው።

ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሲያልፍ ሕዋሱ መጎዳት ይጀምራል፤ ከ50 በላይ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ሙከራ 16 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች ቅንጣቱን በደም ሥር ወስደው፣ በማግስቱ በመርፌ በገባ፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ቀጭን ክር (ፋይበር) ሌዘር በርቶባቸዋል። በ15ቱ ሕክምናው ተጠናቋል፤ ከዓመት በኋላ ናሙና ሲወሰድም በአብዛኞቹ የታከመው ቦታ ላይ ካንሰር አልተገኘም።

ቂሊንጦ ሲባል ብዙ ሰው ማረሚያ ቤቱን ያስባል። እዚያው አካባቢ ግን የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ናኖቴክኖሎጂን ከምርምር ማዕከላቱ አንዱ ያደረገው አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ የከተማዋ ዳርቻ ነው። ዘዴው የእኛን አገር ትኩረት የሚሻው በአንድ ነገር ይመስለኛል፦ ለጨረር ሕክምና ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ያለው ክፍል ይገነባል፤ ሌዘሩ ይህን አይጠይቅም። የጨረር ሕክምና ደግሞ በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በጋለ ብረት መተኮስን የምናውቅ ሰዎች እንዳንምታታ እንጂ፤ ያኛው ቆዳን ያቃጥላል፣ ዕጢን ከጤነኛው ሥጋ አይለይም።

እንከኑም ቀላል አይደለም። ብርሃኑ ከቆዳ ሥር ጥቂት ሴንቲሜትር ሳይርቅ ይደክማል፤ ወርቁም በጉበትና በጣፊያ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ፣ የማኅፀን በር ካንሰር፣ ፋይበር ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው። ሌዘሩ የሚያቃጥለው ግን የበራበትን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ደግሞ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው።