ሐዋርያውያን አበው፦ ከሐዋርያት ቀጥሎ ብዕር ያነሡ አባቶች

ሐዋርያት አንድ በአንድ እያረፉ ሲሄዱ ቤተ ክርስቲያን ጌታን በዓይናቸው ያዩ ምስክሮቿን አጣች። በዚያ ዘመን የተነሡትን፣ ከሐዋርያት የተማሩ ወይም ለዘመናቸው የቀረቡ መምህራን ሐዋርያውያን አበው እንላቸዋለን። ጽሑፎቻቸው በአብዛኛው የመጀመሪያው ምዕት ዓመት ማብቂያና የሁለተኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ናቸው (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ጽሑፎቹን አሰባስቦ በ1672 ያሳተመው ኮተልየ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው።

ከእነዚህ አባቶች መካከል ነገረ መለኮትን ልተንትን ብሎ የተነሣ የለም ማለት ይቻላል። የጻፉት ጉዳይ ስለ ገጠማቸው ነው፤ ጠብ፣ እስር፣ ረኃብተኛ እንግዳ፣ የወደቀ ምእመን። እምነታቸውን የምናየውም ለዚያ ጉዳይ በሰጡት መልስ ውስጥ ነው።

በ96 ገደማ የቆሮንቶስ ምእመናን ቀሳውስቶቻቸውን ከሹመታቸው አወረዱ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ረጅም የተግሣጽ መልእክት ላከችላቸው። የጸሐፊው ስም በመልእክቱ ውስጥ የለም፤ ትውፊት ግን የሮሙ ቀሌምንጦስ ነው ይላል። ክርክሩ ቀጥተኛ ነው፤ ክርስቶስ ከአብ፣ ሐዋርያት ከክርስቶስ ተልከዋል፤ እነርሱም ኤጲስ ቆጶሳትንና ዲያቆናትን ሾመዋል፤ ስለዚህ ያለ ነቀፋ ያገለገለን ካህን ማውረድ ኃጢአት ነው። ቆሮንቶሶች ይህን መልእክት በ170 ገደማ ጭምር በሰንበት ያነቡት ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት የሚቆጠረው ቀሌምንጦስ ግን ሌላ መጽሐፍ ነው፤ ስሙ አንድ በመሆኑ ብዙዎች ያደባልቋቸዋል።

እኔን ከሁሉም የሚይዘኝ የአንጾኪያው አግናጥዮስ ነው። በሮማው ንጉሥ በትራጃን ዘመን ተይዞ፣ ለአራዊት እንዲጣል በአሥር ወታደሮች ታጅቦ ወደ ሮም ተወሰደ። ወታደሮቹን ነብሮች ይላቸዋል፤ ደግ ሲደረግላቸው ይብስባቸዋል ብሎም ይጽፋል። በዚያ መንገድ ላይ ሳለ ሰባት መልእክታት ጻፈ፤ አራቱን ከሰምርኔስ፣ ሦስቱን ከጢሮአዳ። ለሮም ምእመናን የላከው ልመና ነው፤ አታስፈቱኝ ይላቸዋል። «የእግዚአብሔር ስንዴ ነኝ፤ ንጹሕ የክርስቶስ ኅብስት ሆኜ እንድገኝ በአራዊት ጥርስ እፈጫለሁ።» ስንክሳራችን «ምጥው ለአንበሳ» (ለአንበሳ የተሰጠ) የሚለው ስለዚህ ነው።

በዘመኑ ክርስቶስ ሥጋን የለበሰው በምትሐት ነው የሚሉ ነበሩ። አግናጥዮስ በእስራቱ ይመልስላቸዋል፤ የክርስቶስ መከራ ምትሐት ከሆነ እኔ ለምን ታሰርሁ? ኢየሱስን ያለ ማመንታት «አምላካችን» ይለዋል፤ ቅዱስ ቁርባኑን ደግሞ «ያለመሞት መድኃኒት»። ኤጲስ ቆጶስ፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት በሌሉበት ቤተ ክርስቲያን አትባልም የሚለውም እርሱ ነው።

ከመልእክታቱ አንዱ የተላከለት የሰምርኔሱ ፖሊካርፐስ (ሰምርኔስ የዛሬዋ የቱርክ ኢዝሚር ናት) ሸምግሎ እስኪያዝ ድረስ መንጋውን ጠበቀ። በኋላ የሊዮን ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ሄሬኔዎስ በልጅነቱ ከአፉ ሲማር እንደ ነበር ይመሰክራል። በ155 ገደማ ወታደሮች ሊይዙት በመጡ ጊዜ ማዕድ አቅርቡላቸው ብሎ አዘዘ፤ ለጸሎት አንድ ሰዓት ለምኖ ሁለት ሰዓት ቆሞ ጸለየ። ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ ላለው ገዥ የመለሰው ይህ ነው፦ «86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳች ክፉ አላደረገብኝም። ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ይህን የጻፉት የገዛ ምእመናኑ ናቸው። ዐፅሙን ሰብስበው የሰማዕትነቱን ቀን በየዓመቱ ለማክበር ማሰባቸውንም ይነግሩናል።

ዲዳኬ (በግሪክ «ትምህርት» ማለት ነው) የተባለው መጽሐፍ ጸሐፊው አይታወቅም። ለብዙ ዘመን ጠፍቶ በ1873 በቁስጥንጥንያ፣ በ1056 በተገለበጠ የግሪክ ብራና ውስጥ ተገኘ። ከሕይወትና ከሞት መንገድ ይጀምርና ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮ ይገባል። በሚፈስ ውኃ አጥምቅ፤ ከሌለህ በሌላ ውኃ፤ እርሱም ካነሰ በተጠማቂው ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስስ። ረቡዕና ዓርብ ጹም፤ አባታችን ሆይ በቀን ሦስት ጊዜ ድገም። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሐዋርያ አንድ ቀን፣ ቢያስፈልግ ሁለት ይቀመጥ፤ ሦስት ቀን ከቆየ ወይም ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም የአገራችን ሰው ይህን ሲያነብ የሚያውቀውን ልማድ ያገኛል።

የሄርማ «ኖላዊ» (እረኛ ማለት ነው) በሮም የተጻፈ የራእይ መጽሐፍ ነው፤ አምስት ራእይ፣ አሥራ ሁለት ትእዛዝና አሥር ምሳሌ አለው። ቤተ ክርስቲያን ለሄርማ በአሮጊት አምሳል ታየችው፤ በየራእዩም ወጣት እየሆነች፣ እየታደሰች መጣች። ያስጨነቀው ጥያቄ ከጥምቀት በኋላ የበደለ ሰው ምን ተስፋ አለው የሚል ነው። መልሱም አንድ ንስሐ አለው የሚል ነው፤ ለዘመኑ ትልቅ ምሕረት ነበር። አንዳንዶች ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አብረው ያነቡት ነበር፤ በአራተኛው ምዕት ዓመት በተጻፈው የሲና ብራና ላይ ከሐዲስ ኪዳን ቀጥሎ ይገኛል።

አባቶቻችን ይህን መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። በትግራይ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የነበረውን ቅጂ ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ አስገልብጦ በ1860 በላይፕሲግ አሳተመው። የግሪኩ ጽሑፍ የመጨረሻ ክፍሉ ስለ ጠፋ፣ የመጽሐፉን ፍጻሜ በሙሉ ማንበብ የሚሻ ሊቅ ዛሬም ወደ ላቲኑና ወደ ግዕዙ ይሄዳል።