ከፋየርዎል ጀርባ ባለ የግል ኢሜይል ሰርቨር ላይ የገቢ መልእክት ችግርን መመርመር

የግል ኢሜይል ሰርቨር የሚባለው አንድ ግለሰብ ወይም ተቋም በራሱ የዶሜይን ስም ደብዳቤ ለመቀበልና ለመላክ አዘጋጅቶ ራሱ የሚያስተዳድረው ሰርቨር ነው። እንዲህ ያለው ሰርቨር ከፋየርዎል፣ ማለትም በኔትወርክ በር ላይ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ግንኙነት ከሚቆጣጠር መከላከያ፣ ጀርባ ሲቀመጥ በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት ተመሳሳይ መልክ አለው፦ ወጪው ደብዳቤ ያለ ችግር ይደርሳል፣ ገቢው ግን ደብዛው ይጠፋል። ወጪ መልእክት ከውስጥ የሚጀመር ግንኙነት ስለሆነ አብዛኛው ፋየርዎል ያሳልፈዋል፤ ምላሹንም የዚያው ግንኙነት አካል አድርጎ ያስገባዋል። ገቢ መልእክት ግን ማንነቱ አስቀድሞ ባልታወቀ የውጭ ማሽን የሚጀመር በመሆኑ በግልጽ ካልተፈቀደለት አይገባም። ስለዚህ የወጪው መሥራት ስለ ገቢው ጤንነት የሚያስረዳው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

የችግሩ ሥር በታሪክ ውስጥም ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኢሜይል ማስተላለፊያ ደንብ የሆነው ኤስኤምቲፒ በጆን ፖስቴል ተዘጋጅቶ በ1982 አርኤፍሲ 821 ተብሎ ሲወጣ (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚታተሙባቸው ባለ ቁጥር ሰነዶች ስም ነው)፣ በኔትወርኩ ላይ ያለ ማንኛውም ማሽን ሌላውን በቀጥታ ማግኘት ይችላል የሚለው እሳቤ በደንቡ ውስጥ እንደ መሠረት የተያዘ ነበር። በ1986 ክሬግ ፓርትሪጅ ያዘጋጀው አርኤፍሲ 974 ደግሞ የአንድን ዶሜይን ደብዳቤ የሚቀበለው ማሽን የትኛው እንደሆነ በኤምኤክስ መዝገብ የማሳወቅን ሥርዓት ደነገገ። በዚያ ዘመን የተለመደው ሶፍትዌር የኤሪክ ኦልማን ሴንድሜይል ነበር፤ በኅዳር 1988 የተሠራጨው የሞሪስ ትል፣ ራሱን እያባዛ በኔትወርክ የሚዛመት ፕሮግራም፣ ከተጠቀመባቸው ክፍተቶች አንዱ በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ የውስጥ ኔትወርክን ከውጭ የመከለል ሐሳብ እንዲጠናከር ይህ ክስተት የበኩሉን ሳያደርግ አልቀረም። በ1994 በአርኤፍሲ 1631 የተገለጸው ናት፣ ማለትም ብዙ ማሽኖችን በአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ የማኖር ዘዴ፣ በቀጥታ የመገናኘትን እሳቤ ጨርሶ አፈረሰው። በ1998 መጨረሻ ዊትሴ ቬኔማ በአይቢኤም ሳለ ያወጣው ፖስትፊክስ የተባለው የደብዳቤ ሰርቨር ሶፍትዌር ሥራውን ውስን ሥልጣን ላላቸው ትናንሽ ፕሮግራሞች ያከፋፈለ፣ እያንዳንዱን እርምጃ በሎግ (በሥራ መዝገብ) ላይ በግልጽ የሚያሰፍር የተከበረ ሥራ ነው፤ የዚህ ዳሰሳ ምሳሌዎችም በአብዛኛው ከእርሱ የተወሰዱ ናቸው። ሌሎቹ የደብዳቤ ሶፍትዌሮች ኤግዚምና ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የራሳቸው አሠራር ቢኖራቸውም የምርመራው ቅደም ተከተል አይለወጥም።

አንድ መልእክት ሲመጣ የላኪው ሰርቨር መጀመሪያ የተቀባዩን ዶሜይን የኤምኤክስ መዝገብ ይጠይቃል፤ ከዚያ የተጠቀሰውን ማሽን አይፒ አድራሻ ያፈላልጋል፤ በመጨረሻም በፖርት 25 (ለደብዳቤ በተመደበው ባለ ቁጥር የግንኙነት በር) ግንኙነት ጀምሮ በ220 ቁጥር የሚከፈተውን ሰላምታ ይጠባበቃል። በሥራ ላይ ያለው አርኤፍሲ 5321 ላኪው ይህን ሰላምታ እስከ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ፣ ካልተሳካለትም በትንሹ በ30 ደቂቃ ልዩነት እየሞከረ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲታገሥ ይመክራል። ይህ ትዕግሥት የኢሜይል ትልቁ ጸጋ ነው፤ ለአንድ ቀን የተዘጋ ሰርቨር ደብዳቤውን አያጣም። ነገር ግን ብልሽቱ ዘግይቶ እንዲታወቅ የሚያደርገውም ይኸው ትዕግሥት ነው፤ ላኪው የመመለሻ ማስታወቂያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነውና።

የዶሜይን ስሞችን ከአድራሻ ጋር በሚያገናኘው ሥርዓት፣ በዲኤንኤስ በኩል የሚፈተሸው ነገር አጭር ነው። የኤምኤክስ መዝገብ ወደ ማሽን ስም እንጂ ወደ አይፒ ቁጥር አያመለክትም፤ ስሙም በሲኔም የተተካ ተለዋጭ ስም መሆን የለበትም። ከብዙ መዝገቦች መካከል ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ይቀድማል። መዝገቡ ጨርሶ ከሌለ ላኪዎች የዶሜይኑን የራሱን አድራሻ ይሞክራሉ፤ በዚያ አድራሻ ላይ የሚገኘው ድረ ገጹን የያዘ ሌላ ማሽን ከሆነ ደብዳቤው ወደማይመለከተው በር ይሄዳል። ለማሽኑ የአይፒቪ6 (የአዲሱ የአይፒ ትውልድ) አድራሻ ተመዝግቦ ፋየርዎሉ ግን ለቀድሞው አይፒቪ4 ብቻ ተከፍቶ ሲገኝ አንዳንድ ላኪዎች ይዘገያሉ፣ አንዳንዶቹም ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ ምርመራውን ለሁለት የሚከፍለው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሰርቨሩ ሎግ ላይ ከላኪው ጋር የተደረገ ግንኙነት የሚያሳይ አንድ መስመር እንኳ አለ ወይስ የለም? ካለ ችግሩ በአብዛኛው የደብዳቤው ሶፍትዌር ነው፤ ከሌለ ግን የሶፍትዌሩን ቅንብር መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ፈተናው መደረግ ያለበት ከውጭ፣ ማለትም ከሌላ ኔትወርክ በቴልኔት (በእጅ ግንኙነት ከፍቶ የሰርቨሩን መልስ በሚያሳይ ፕሮግራም) ወደ ፖርት 25 በመደወል ነው። ከውስጥ ሆኖ የራስን የውጭ አድራሻ መሞከር ያሳስታል፤ ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለስን ግንኙነት ስለማያስተናግዱ፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነው ፖርት ከውስጥ ዝግ መስሎ ይታያል። ከውጭ የተደረገው ሙከራ ወዲያውኑ እምቢታ ካገኘ ፓኬቱ (በኔትወርኩ የሚጓዘው የመረጃ ቁራጭ) አንድ ማሽን ደርሷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ አልተነሣም፣ ወይም ደግሞ ከራሱ ከማሽኑ በቀር ማንም በማይደርስበት የውስጥ አድራሻ (127.0.0.1) ላይ ብቻ ያዳምጣል። በሬድ ሃት የሊኑክስ ሥርጭቶች ላይ ፖስትፊክስ ሲጫን ከመነሻው የሚያዳምጠው በዚሁ የውስጥ አድራሻ ብቻ መሆኑን የማያውቅ አስተዳዳሪ ፋየርዎሉን በከንቱ ይወቅሳል። ሙከራው መልስ ሳያገኝ ጊዜው ካለፈ ግን ፓኬቱ በመንገድ ላይ በዝምታ ተጥሏል። የት እንደተጣለ ለማወቅ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳየውን ቲሲፒደምፕን በፋየርዎሉ ውጫዊ ገጽ፣ ቀጥሎም በውስጣዊው ገጽ፣ በመጨረሻም በሰርቨሩ ላይ ማስኬድ ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

ፓኬቱ የፋየርዎሉን ውጫዊ ገጽ እንኳ ካልነካ ምክንያቱ ከቤት ውጭ ነው። በርካታ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፖርት 25ን ይዘጋሉ። ራውተሩ የተሰጠው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ ክልል በ2012 በአርኤፍሲ 6598 ለአቅራቢዎች የጋራ ናት የተመደበ በመሆኑ፣ በራውተሩ ላይ የሚደረግ ፖርት ማስተላለፍ (ከውጭ የመጣን ግንኙነት ወደ ውስጥ ማሽን መምራት) ምንም አይፈይድም። ፖርት 587ን ወይም 465ን መክፈትም መፍትሔ አይሆንም፤ እነዚህ ተጠቃሚዎች ወደ ሰርቨራቸው ደብዳቤ የሚያስገቡባቸው ናቸው፤ ሰርቨር ለሰርቨር የሚነጋገረው በ25 ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ፋየርዎሉ ፓኬቱን ከማሳለፍ አልፎ ንግግሩን ሲያርም የሚፈጠረው ብልሽት ነው። ከእነዚህ በደንብ የተመዘገበው የሲስኮ ፒክስ ፋየርዎል የኤስኤምቲፒ ቁጥጥር ነው። ይህ ቁጥጥር የሰርቨሩን ሰላምታ በኮከብ ምልክቶች ይሸፍነው፣ የማያውቃቸውንም ትእዛዞች ያበላሽ ነበር፤ በተከታዮቹ መሣሪያዎችም ስታርትቲኤልኤስ የሚለው የምስጠራ ግብዣ በኤክስ ፊደላት ተተክቶ መታየቱ የታወቀ ነው። የመልእክትን ፍጻሜ የምታሳውቀውን፣ ነጥብ ብቻ ያለባትን መስመር በሚመለከትም ስሕተት ነበረበት። ፖስትፊክስ በላኪነት ሲሠራ ይህን ለማለፍ የተለየ መላ አበጅቷል፦ ኮከቦቹን በሰላምታው ላይ ካየና መልእክቱ ከ500 ሰከንድ በላይ ወረፋ ላይ ከቆየ፣ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ትእዛዝ ወደ ቀድሞው ቀላል መልክ (ሄሎ) ይመልሳል፤ ያችን ነጥብ ከመላኩም በፊት 10 ሰከንድ ያህል ይታገሣል። የሌላውን መሣሪያ ጉድለት በራስ ሶፍትዌር ውስጥ እስከዚህ ድረስ ማስተናገድ የደራሲውን ጨዋነት ያሳያል። ተቀባዩ አስተዳዳሪ ግን በላኪዎች መልካም ፈቃድ ላይ መተማመን የለበትም፤ ከውጭ በቴልኔት ገብቶ ኮከቦች ወይም የኤክስ ረድፍ ካየ ቁጥጥሩን ማጥፋት አለበት። ቁጥጥሩ ለደኅንነት ይጠቅማል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በዘመኑ ሰርቨሮች ፊት ግን ክርክሩ ጉልበት ያለው አይመስልም።

ሌላው የፋየርዎል ስሕተት ደብዳቤን የሚያስገባ ስለሆነ ይበልጥ አደገኛ ነው። ፋየርዎሉ ፖርቱን ሲያስተላልፍ የላኪውን አድራሻ በራሱ የውስጥ አድራሻ ከቀየረው፣ ሰርቨሩ ዓለምን ሁሉ እንደ አንድ የቤት ማሽን ያያል። ከ3.0 በፊት የነበረው ፖስትፊክስ ከመነሻው በዙሪያው ያለውን ንዑስ ኔትወርክ በሙሉ ያምን ስለነበር፣ ሰርቨሩ በዚህ ምክንያት የማንንም ደብዳቤ ለማንም የሚያስተላልፍ ይሆናል። ተደጋጋሚ ሙከራን የሚያግድ ፕሮግራም ካለ ደግሞ አንድ አጥቂን እቀጣለሁ ብሎ የፋየርዎሉን አድራሻ ሲያግድ ገቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቆማል። በሎግ ላይ የሁሉም ላኪ አድራሻ አንድ ሆኖ ከታየ መታረም ያለበት የአድራሻ ቅየራው ነው።

ትናንሽ መልእክቶች እየገቡ አባሪ ያላቸው ብቻ ሲቀሩ የሚጠረጠረው የፓኬት መጠን ነው። ፋየርዎሉ አይሲኤምፒን፣ ማለትም ማሽኖች ስለ ጉዞ ችግር የሚነጋገሩባቸውን የኔትወርክ ማሳወቂያዎች፣ በሙሉ ካገደ፣ «ፓኬቱ ትልቅ ነው» የሚለው ማሳወቂያ ለላኪው ስለማይደርስ ንግግሩ በመልእክቱ አካል ላይ ይቆማል፤ በሎግ ላይም ግንኙነቱ ከዳታ ትእዛዝ በኋላ እንደተቋረጠ ይጻፋል። አይሲኤምፒን በጅምላ ማገድ ስሕተት ነው።

ሎግ ላይ የላኪው ስም ከታየ በኋላ የሚያነጋግረው የመልስ ቁጥር ነው፤ በ4 የሚጀምር ላኪው እንደገና እንዲሞክር፣ በ5 የሚጀምር እንዲተወው ይነግራል። «ማስተላለፍ ተከልክሏል» የሚለው የ554 መልስ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ዶሜይኑን የራሱ መሆኑን እንዳልተነገረው ያመለክታል። ዲስክ ሲሞላ የሚሰጠው 452 ነው። በ2003 ኢቫን ሃሪስ ያቀረበው ግሬይሊስቲንግ የማያውቀውን ላኪ ለጊዜው ይመልሳል፤ ጥቅሙና የሚያስከትለው መዘግየት ዛሬም ያከራክራል። የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎችን አድራሻ የሚዘረዝሩ የጥቁር መዝገብ አገልግሎቶችም ይፈተሹ፤ በ2006 የተዘጋው ኦርዲቢ በ2008 ለሚጠየቀው አድራሻ ሁሉ «በመዝገቡ ላይ አለ» ብሎ መመለስ ሲጀምር፣ ቅንብራቸውን ያላጸዱ ሰርቨሮች ገቢውን ሁሉ አግደዋል። ዛሬም ስፓምሃውስ የተባለውን የጥቁር መዝገብ አገልግሎት በሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል የሚጠይቅ ሰርቨር የሚያገኘውን የስሕተት ኮድ እንደ ክስ ከቆጠረ ንጹሓንን ይመልሳል።

መልእክቱ ተቀባይነት አግኝቶ ሳጥን ውስጥ ካልታየ በፖስትፊክስና ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ በሚያኖረው በዶቭኮት መካከል ያለው የመገናኛ ሶኬት የመዳረሻ ፈቃድ ወይም የአይፈለጌ ማጣሪያው ይታያል። ከተወሰኑ ላኪዎች ብቻ የሚቀር ከሆነ ደግሞ የምስጠራ ሰርተፍኬቱ ሲታደስ ሳይታደስ የቀረ የቲኤልኤስኤ መዝገብ (የሰርተፍኬቱን መለያ በዲኤንኤስ የሚያሳውቅ)፣ ወይም ደብዳቤ በምስጠራ የሚቀበሉትን ማሽኖች የሚዘረዝር ሆኖ አዲሱን ማሽን የማይጠቅስ የኤምቲኤ-ኤስቲኤስ ፖሊሲ ይጠረጠራል፤ እነዚህን የሚያመሳክሩት ጥቂት ላኪዎች ብቻ ናቸውና።

ጥገናው ሲያበቃ በላኪዎች ወረፋ ላይ ያሉት ደብዳቤዎች በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ እያንዳንዱ ላኪ በራሱ ጊዜ ስለሚሞክር የመጨረሻዎቹ ደብዳቤዎች በሰዓታት ሊዘገዩ ይችላሉ። በ5 ቁጥር የተመለሱትና የወረፋ ዘመናቸው ያለፈው ግን አይመጡም፤ ላኪዎቹ እንደገና እንዲልኩ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የእነርሱም አድራሻ፣ ግንኙነቱ ሰርቨሩ ድረስ ደርሶ ከነበረ፣ በሎጉ ላይ ይገኛል።