የመራጮች ተሳትፎ ምንድን ነው? «ሁሌ እመርጣለሁ» ማለትስ?

አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰብባት አንዲት ጠባብ ጀበና ቡና ቤት አለች። ባለፈው አንዱ ጓደኛችን ሁለተኛውን ስኒ እንደያዘ «እኔ እንደሆነ ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም» አለ። ማንም አልጠየቀውም። ወሬው ስለ ዘይት ዋጋ ነበር፣ እንዴት ወደ ምርጫ እንደዞረ እንጃ። «ስንቴ መርጠሃል?» አልኩት። ጣቱን አወጣና ቆጠረ። 1997፣ 2002፣ 2007፣ 2013። አራት።

«የ2000 እና የ2005ስ?» ስለው ዝም አለ። «ያኔ ደግሞ ምርጫ ነበር እንዴ?»

ነበር። ሁለቱም ጊዜ በሚያዝያ የአካባቢ ምርጫ ተካሂዷል፤ የአዲስ አበባ ምክር ቤትም የተመረጠው ያኔ ነው። ጓደኛዬ ውሸታም አይደለም። ምርጫ ሲባል የሚታወሰው ትልቁ ብቻ ስለሆነ ነው። እኔም ብሆን የ2000ውን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ ሳነብ ነው።

የዛሬው ነገሬም ይኸው ነው። «የመራጮች ተሳትፎ» የሚባል ቁጥር አለ፣ ከየምርጫው በኋላ በዜና ይነገራል፣ 80 በመቶ፣ 90 በመቶ እየተባለ። ይህ ቁጥር ግን ጓደኛዬ ስንቴ እንደመረጠ አይነግርህም። አንዳንዴ ምን ያህል ሰው እንደመረጠ እንኳ በቅጡ አይነግርህም።

መጀመሪያ ትርጉሙ። የመራጮች ተሳትፎ ማለት ድምፅ የሰጡት ሰዎች ቁጥር፣ መስጠት ይችሉ ለነበሩት ሲካፈል ነው። በቃ። ጣጣው ያለው «ይችሉ ለነበሩት» የምትለዋ ላይ ነው። ማን ነው የቻለ? የተመዘገበው? ወይስ ዕድሜው የደረሰው ሁሉ?

አንድ ግቢ አስቡ። ውስጡ ዕድሜያቸው 18 ያለፈ ሃያ ሰዎች አሉ። አሥራ ሁለቱ ምዝገባው ሳይዘጋ ሄደው የመራጭነት ካርድ አወጡ፤ ስምንቱ ዛሬ ነገ ሲሉ አመለጣቸው ወይም «ምን አገባኝ» ብለው ተዉት። በምርጫው ቀን አሥራ አንዱ ድምፅ ሰጡ፣ አንዷ ታመመች። ለተመዘገቡት ብታካፍሉት 92 በመቶ ገደማ ይመጣል። አንቱ የተባለ ቁጥር ነው። በግቢው ላሉት በሙሉ ብታካፍሉት ግን 55 በመቶ ነው። ግቢው ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው።

እኛ አገር የሚነገረው የመጀመሪያው ነው፣ ለተመዘገበው የሚካፈለው። በግንቦት 1997 ከ27 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ 82 በመቶ ገደማው ድምፅ ሰጠ። በ2002 እና በ2007 ደግሞ ተሳትፎው 93 በመቶ ገደማ ነው የተባለው። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫም ከ90 በመቶ በላይ ተብሏል።

እስኪ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ1997ትን ምርጫ የሚያስታውስ ሰው ያን ሰልፍ ያስታውሳል፣ ከንጋት ጀምሮ የተጠመጠመውን፣ ሰዉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ ሲመሽ ደግሞ በሻማ ሲቆጠር። ክርክሩ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ታክሲው ውስጥ ሳይቀር ሰው ይሟገት ነበር። አዲስ አበባ ላይ የነበሩትን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ተቃዋሚው ቅንጅት የወሰደው ያኔ ነው። እና ያ ሁሉ ግለት የነበረበት ምርጫ 82 ሆኖ፣ ውድድሩ የቀዘቀዘበት፣ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ሁሉንም የወሰዱበት ምርጫ 93 ይሆናል። ግለትና መቶኛ አብረው አይሄዱም ማለት ነው። የዚያን ዘመን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት (አንዱ አምስቱን እየያዘ የሚቀሰቅስበትን) የሚያስታውስ አንባቢ ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ደግሞም ምርጫው የማይስበው ሰው መጀመሪያውኑ ካርድ አያወጣም፤ ካላወጣ ከሒሳቡ የለም፣ መቶኛውን አይቀንሰውም።

የ2013ቱ ምዝገባ ይህንን በደንብ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ሰው ቀዝቅዞ ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በተለይ፤ የምዝገባው ጊዜም ተራዘመ። በመጨረሻ በአገር ደረጃ የተመዘገበው ከ37 ሚሊዮን በላይ ሆነ። መምረጥ ይችላል ተብሎ የተገመተው ሕዝብ ደግሞ 50 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዚያ ቀን ሁሉም አካባቢ ድምፅ እንዳልሰጠ ልብ በሉ፤ ሶማሌ ክልል ለምሳሌ የመረጠው በመስከረም 2014 ነው። ስለዚህ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልገፋውም። ግን ከ50ው ውስጥ 13ቱ ካርድ ከሌለው፣ ዋናው «አልመጣም» የሚባለው ነገር የተፈጸመው ከምርጫው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ነው፤ ማንም ሳያየው፣ ሰልፍ ሳይኖር።

ስለዚህ አንድ ሰው «አሜሪካኖቹ እንኳ 66 በመቶ ነው የሚመርጡት፣ እኛ 90» ቢላችሁ በቀስታ አስቁሙት። ያ 66 በመቶ ገደማ የሚባለው የ2020 (በእነሱ አቆጣጠር) የፕሬዚዳንት ምርጫ ቁጥር የሚካፈለው መምረጥ ለሚችለው ሕዝብ ሁሉ ነው፣ ላልተመዘገበውም ጭምር። የእነሱን በእኛ መስፈሪያ፣ የእኛን በእነሱ መስፈሪያ ካልሰፈርን ጤፍና ስንዴ እየቀላቀልን ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ተሳትፎ ስለ አንድ ቀን ነው። «ሁሌ እመርጣለሁ» ግን ስለ አንድ ሰው ነው፣ ስለ ልማዱ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሁለት ተከታታይ ምርጫ ላይ 50 በመቶ ሰው ወጣ እንበል። ያው ግማሹ ሁለቴ ወጥቶ፣ ያው ግማሹ ሁለቴ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ አንደኛው ግማሽ ዘንድሮ፣ ሌላው ግማሽ በሚቀጥለው። መቶኛው አይለይላችሁም።

የተጋነነ መለዋወጥ ማየት ከፈለጋችሁ ጎረቤታችን ኬንያ አለች። በነሐሴ ወር 2017 (በፈረንጆቹ) ከ75 በመቶ በላይ የተመዘገበ መራጭ ወጣ። ፍርድ ቤት ውጤቱን ሰረዘው። በጥቅምት ሲደገም ዋናው ተቃዋሚ ራይላ ኦዲንጋ ራሳቸውን አገለሉ፣ የወጣው ሰው ከ40 በመቶ በታች ሆነ። ዓመቱ ያው፣ መዝገቡ ያው፣ ልዩነቱ ሁለት ወር ከምናምን ብቻ። ሰው «መራጭ» ወይም «የማይመርጥ» ሆኖ አይወለድም፤ የሚመርጠው ነገር ሲኖር ይወጣል።

አሜሪካ ውስጥ የእያንዳንዱ መራጭ የመውጣት ታሪክ ይመዘገባል። ማንን እንደመረጠ አይደለም፣ ያ ምስጢር ነው። መምጣት አለመምጣቱ ብቻ። ፓርቲዎች ይህን መዝገብ ያያሉ፣ ሁሌ የሚወጣውን ሰው «ይሄ መምጣቱ አይቀርም» ብለው ያልፉታል፣ አንዴ ወጥቶ አንዴ የሚቀረውን ደጁን ያንኳኩበታል። ብልጦች ናቸው። እኛ ጋ ግን እስከ 2013 ድረስ ምርጫ በመጣ ቁጥር ምዝገባው ከዜሮ ነበር የሚጀምረው። አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ካርድ። ስለዚህ ማን ስንቴ እንደወጣ ለማወቅ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው ያለን አማራጭ።

ሲጠየቅ ደግሞ ሰው ራሱን ያሳምራል። ይህ የእኛ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካም ከምርጫ በኋላ በሚደረጉ ጥናቶች «መርጫለሁ» የሚለው ሰው ቁጥር ከመዝገቡ ይበልጣል። «ለቅሶ ደረስክ?» ተብሎ ተጠይቆ «አይ፣ ሰነፍኩ» የሚል ሰው አይታችኋል?

ለቅሶ ካነሳን አይቀር፣ ሰው ለምን ይወጣል ለሚለው ጥያቄ ከሰማሁት ሁሉ የወደድኩት መልስ የእድር ጠረን አለው። በ2006 (በፈረንጆቹ) ሚሺጋን ውስጥ ተመራማሪዎች ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ከምርጫው በፊት ደብዳቤ ላኩ። አንዱ ዓይነት ደብዳቤ የተቀባዩንና የጎረቤቶቹን ስም ደርድሮ ባለፉት ምርጫዎች ማን እንደወጣ ማን እንደቀረ ያሳያል፤ ከምርጫው በኋላም ዝርዝሩ ታድሶ እንደሚላክ ይናገራል። ምንም ያልተላከላቸው ሰዎች 29.7 በመቶ ወጡ። የጎረቤት ስም የደረሳቸው 37.8 በመቶ። በአንድ ወረቀት! እድራችን እኮ ይህን ካወቀው ቆይቷል። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ በላይ ግን የሚያሳፍረው ስምህ ሲጠራ «የለም» መባሉ ነው። (ደብዳቤው የደረሳቸው አንዳንዶች በጣም እንደተናደዱ ልንገራችሁ፤ እኔም ብሆን እናደድ ነበር።)

ማስገደድም አለ። አውስትራሊያ በ1922 (በፈረንጆቹ) ምርጫ ከ60 በመቶ በታች ሰው ቢወጣላት በ1924 መምረጥን ግዴታ አደረገች፤ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ከ91 በመቶ በላይ ወጣ። ያለ ምክንያት የቀረ ሃያ ዶላር ገደማ ይቀጣል። ምርጫው ቅዳሜ ነው፣ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቋሊማ ይጠበሳል። እኛ ጋ ግዴታ የለም፣ ቋሊማም የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ በ2013 ሰልፉ አላልቅ ስላለ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት ነበር።

ሌላው ልማድ ነው። አንድ ጊዜ ተቀስቅሶ የወጣ ሰው ማንም ሳይቀሰቅሰው በሚቀጥለው የመውጣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል እዚያው አሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በ1998 እና በ1999 (በፈረንጆቹ) ታይቷል። ጣቢያው የት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሰልፉን አይተኸዋል፣ አይከብድህም። ለእኛ ግን አምስት ዓመት ልማድ ለመያዝ ረጅም ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ሰው ያገባል፣ ቤት ይቀይራል፣ ካርዱን ያስቀመጠበትን መሳቢያ ይረሳል።

ቡናችንን የምታፈላልን ሴትዮ ይህን ሁሉ ሳወራ ፍሙን እያራገበች ትሰማኝ ነበር። ካዛንቺስ ነበር ቤቷ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ቤት ደረሳት፣ አሁን በየቀኑ ሁለት መኪና ይዛ ነው የምትመጣው። «እኔ ታዲያ የት ነኝ?» አለችኝ። ሕጉን ነገርኳት፤ 18 ዓመት ከሞላሽ፣ በአካባቢው ስድስት ወር ከኖርሽ፣ የምትመዘገቢው እዚያው ነው፣ በአዲሱ ሰፈርሽ። ራሷን ነቀነቀች። ሕጉ አልነበረም የጨነቃት።

«ድሮ እማማ ናቸው በጠዋት በሩን ደብድበው የሚያስነሱን» አለች። «ግቢውን ሁሉ ይዘውን ነበር የሚሄዱት። እዚያ ማን ቀስቅሶኝ፣ ከማን ጋር ልሰለፍ?»