የኮንክሪት ወለልን ለኢፖክሲ ቅብ በማሽን ማዘጋጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጋራዥ ወይም በመጋዘን ወለል ላይ የተቀባ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ሙጫ መሰል ቅብ) በጥቂት ወራት ውስጥ መነሳት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። የተላቀቀውን ቁራጭ አንስቶ ጀርባውን የተመለከተ ሰው ግን በብዙ ቦታ ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ተጣብቆበት ያገኛል። ኢፖክሲው የያዘውን አልለቀቀም፤ የተገነጠለው የኮንክሪቱ የላይኛው ደካማ ቅርፊት ነው።

«ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ወለል ለቅብ ዝግጁ ነው።»

ኮንክሪት ሲፈስ ውሃና ደቃቅ ሲሚንቶ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሲደርቁም ቀጭንና ደካማ ቅርፊት ይሆናሉ። በአገራችን ሊሾ ሲሠራ እርጥቡ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ተበትኖ በብረት ማለስለሻ እየተጫኑ ማሸት የተለመደ በመሆኑ፣ ለዓይን የሚያምረው ገጽ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ይሆናል። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ማየት ይበቃል፦ ጠብታው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከቆመ ወለሉ ኢፖክሲውንም አይመጥም። በሚስማር ሲጫር ዱቄት የሚወጣውም ገና መፈግፈግ አለበት።

«አሲድ ከተደፋበት ማሽን አያስፈልግም።»

አሲድ ሲሚንቶውን በስሱ ይበላል እንጂ ዘይትን፣ ግሪስንም ሆነ የቆየ ቀለምን አያነሳም። በደንብ ካልታጠበ ጨው ያስቀራል፤ በደንብ ከታጠበ ደግሞ ወለሉን በውሃ ያርሰዋል።

«ወለሉ በሻከረ መጠን ቅቡ ይበልጥ ይይዛል።»

ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ዓለም አቀፉ የኮንክሪት ጥገና ኢንስቲትዩት ሻካራነትን ከ1 (በጣም ለስላሳ) እስከ 10 (በጣም ሻካራ) በደረጃ ከፍሎ፣ በእጅ እየዳሰሱ ከወለሉ ጋር የሚያስተያዩአቸውን የጎማ ናሙናዎች አዘጋጅቷል። ለስስ ቅብ ከ1 እስከ 3፣ ውፍረቱ ከሩብ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ያለው ደረጃ ይመከራል። ስስ ቅብ በጣም በሻከረ ወለል ላይ ሲፈስ ጉድጓዱን ሞልቶ ያልቃል፤ ጫፎቹም ራቁታቸውን ይቀራሉ። በዚህ ላይ እየቀጠቀጡ የሚሠሩ ማሽኖች ከገጹ ሥር በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችን ስለሚተዉ፣ አዲስ ደካማ ንብርብር ፈጥረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከእነሱ በኋላ ወለሉን በመፍጫ ወይም የብረት እንክብል በሚወረውር ማሽን መጨረስ ያስፈልጋል።

«ማሽን ከሆነ የትኛውም ያው ነው።»

የአልማዝ መፍጫ ጥርሶቻቸው አልማዝ ያለባቸውን ዲስኮች እያሽከረከረ ለስስ ቅብ የሚሆን ገጽ ይሰጣል። ሾት ብላስት የሚባለው ደግሞ ጥቃቅን የብረት እንክብሎችን በኃይል እየወረወረ ቅርፊቱን ይሰብርና ብናኙን መልሶ ይስባል፤ ለሰፊ መጋዘን ተስማሚ ቢሆንም ግድግዳ ሥር ስለማይደርስ ዳር ዳሩ በእጅ ግራይንደር ይሠራል። ጥርሳም የብረት መንኮራኩሮች ያሉት መላጫ ወፍራም አሮጌ ቅብ ለማንሳት ይጠቅማል፤ ሆኖም ጎን ለጎን የተሰለፉ ቦዮችን ይተዋል።

«ለጠንካራ ኮንክሪት ጠንካራ ዲስክ ይገዛል።»

ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ የቆየ ባለሙያም ይሳሳትበታል። በመፍጫው ዲስክ ጥርሶች ላይ አልማዞቹን የያዘው ብረት (መያዣው) ቀስ በቀስ ካላለቀ አዲስ አልማዝ ብቅ አይልም። ጠንካራ ኮንክሪት የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ይህን ብረት ስለማይፈገፍገው ለስላሳ መያዣ ያስፈልገዋል፤ ለስላሳ ኮንክሪት ግን ሻካራ አሸዋ እየለቀቀ ዲስኩን ቶሎ ስለሚበላው ጠንካራ መያዣ ይፈልጋል። ማሽኑ እየተንሸራተተ ብናኝ ማውጣት ካቆመና የዲስኩ ጥርሶች ካንጸባረቁ የተመረጠው ዲስክ ለወለሉ አይሆንም ማለት ነው።

«ብናኙን በመጥረጊያ ማንሳት ይበቃል።»

መጥረጊያ ከፊሉን ወደ ቀዳዳዎቹ ይመልሳል፣ ከፊሉን ወደ ሳንባ ይልካል። በብናኙ ውስጥ ያለው ሲሊካ (በአሸዋና በድንጋይ የሚገኝ ማዕድን) የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ አሜሪካ በ2016 ባወጣችው ደንብ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ በአማካይ ከ50 ማይክሮግራም በኩቢክ ሜትር በላይ እንዳይጋለጥ ወስናለች። ስለዚህ ደቃቅ ማጣሪያ ያለው የአቧራ መሳቢያ ከማሽኑ ጋር መያያዝ አለበት።

«28 ቀን ካለፈው ደርቋል።»

28 ቀን የጥንካሬ መለኪያ ዕድሜ ነው፤ ስለ ድርቀት የሚነግረን የለም። ድርቀቱን ለመፈተሽ ጎንና ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል። ሲነሳ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ቅቡን መቀባት ለሌላ ጊዜ ማቆየት ያስፈልጋል። ምንም ካልታየም ወለሉ መድረቁ ሙሉ በሙሉ ስለማይረጋገጥ፣ ከባድ ሥራ ላይ ውስጠኛውን እርጥበት በመለኪያ መሣሪያ ማየት ይገባል።